ደጅ የጠናችው መኪና

ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ከኔ የተሻለ ሹፌር የለም። ይሄን አፍ አውጥቼ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ሹፌሮችም በሆዳቸው ያውቁታል፣ አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው። ትምህርት ላይ ብዙ አልገፋሁም። ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ሒሳብ ሳንጣላ ተለያየን። መኪና ላይ ግን፣ ወያላ ሆኜ በር ላይ ከተንጠለጠልኩበት ቀን ጀምሮ የከበደኝ ነገር የለም። የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ። ታዲያ እግዜር ሲቀልድብኝ ድምፅ የሌላት መኪና ሰጠኝ።

ኤሌክትሪክ ናት፣ የቻይና። ያመጣትን ድርጅት ስም አልጠራም። እነሱም የኔን ስም ጠርተው አያውቁም፤ «ውድ ደንበኛችን» ነው የሚሉኝ።

የገዛናት እኔና ያሳደገኝ አጎቴ ተጋግዘን ነው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ድምፅ የማያሰማ ማሽን አያምንም። «ይቺ ልጅ ነገር ይዛለች እንጂ እንዲህ ዝም አትልም» አለኝ ገና ያመጣናት ቀን። እኔ ምን ሰማሁት። ያኔ ማደያው ላይ የቤንዚን ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። ጠዋት ጠዋት መስኮቴን ዝቅ አደርግና የተሰለፉትን ሹፌሮች «በርቱ፣ አይዟችሁ» እያልኩ አልፋለሁ። ክፋት አይደለም፣ ማበረታታት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ያለችውም እዚያው ማደያ ፊት ለፊት ነው። የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፤ እሷ ደግሞ ስክሪኗ ላይ ቀይ ነገር አብርታ፣ ከሥሩ የቻይና ጽሑፍ ደርድራ፣ ቆመች። ሰልፈኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ መስኮቴን ቆረቆሩ። «በርታ፣ አይዞህ» አሉኝ ሁሉም። አንዱ ተመልሶ መጥቶ ሁለተኛ ጊዜ አለኝ።

ደወልኩ ለድርጅቱ። ሙዚቃ ሰማሁ፣ ሙዚቃው አለቀ፣ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ አንዷ አነሳች።

«መኪናዋን አዲስ አበባ ይዘዋት ይምጡ» አለችኝ።

«እመቤት፣ አትንቀሳቀስም እኮ ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ ስትንቀሳቀስ ይዘዋት ይምጡ።»

«ስትንቀሳቀስማ ምን ሆና ላምጣት?»

«ቅሬታዎ ተመዝግቧል፣ ውድ ደንበኛችን።»

ትንሽ ቆይታ ራሷ ተነሳች፤ አመሏ እንዲህ ነው። ይዣት ሄድኩ። ኮምፒውተር ሰኩባት፣ ዞሩባት፣ «ምንም የለባትም» አሉኝ። አጥበው መለሱልኝ። ታጥባ እንደ ሙሽራ እያበራች ስትመጣ ጫጫ ከተማ ላይ ቆመች። ደወልኩ። «ባለሙያ ይደውልልዎታል» አሉኝ። የደብረ ብርሃን መካኒኮች ደግሞ ክዳኗን ከፍተው ያንን ብርቱካናማ ወፍራም ሽቦ ሲያዩ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። «ይሄ የሚነካ አይደለም፣ የሚፈራ ነው» አለኝ አንዱ። ድርጅቱም ሌላ ሰው ከነካት ዋስትናው ይቀራል ብሏል። ስለዚህ እነሱ አይነኳት፣ ሌላ ሰው አይነካት፤ ስትቆም አብሬያት እቆማለሁ፣ ስትነሳ አብሬያት እነሳለሁ።

ሽጣት ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ግን አንኮበር መንገድ ላይ በማለዳ ብትቀመጥባት እንዲህ አትልም። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፣ በጎቹ መንገዱ መሃል ናቸው፤ ሌላ መኪና ሲመጣ ይበረግጋሉ፣ እሷን ግን ዞር ብለው አይተው መንገድ ይለቃሉ፣ እንደ ጎረቤት። መቀመጫው ይሞቃል። ከኋላዬ የተቀመጠው ተሳፋሪ ገና ከከተማ ሳንወጣ ያንኮራፋል። ወፍ ይሰማል። መኪና ውስጥ ሆኖ ወፍ የሰማ ሹፌር አምጡልኝ።

አስተማሪዋን ያገኘኋትም በሷ ነው። ደብረ ብርሃን ታስተምራለች፣ ቤተሰቧ አንኮበር ነው፤ ዓርብ ዓርብ ወደ አገሯ ስትሄድ እኔ ጋ ትሳፈራለች። አንድ ዓርብ መኪናዋ ሜዳው መሃል ቆመችብን። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሚኒባስ አስቁመው ሄዱ። አስተማሪዋ ቀረች። ስልኳን አውጥታ ስክሪኑ ላይ ያለውን የቻይና ጽሑፍ ፎቶ አነሳችና ስልኩ ተረጎመላት።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«በጥንቃቄ ያሽከርክሩ።»

«ቆማ?»

ሳቀች። ሳቋ እንዴት እንደሆነ አልናገርም፣ የራሴ ጉዳይ ነው። «ለምን ከነሱ ጋር አልሄድሽም?» አልኳት።

«ብቻህን ከመኪና ጋር ስትጨቃጨቅ ሰው ቢያይህ አበደ ይሉሃል። ሁለት ስንሆን ጨዋታ ይመስላል።»

ከዚያ በኋላ ዓርብ እስኪመጣ ሳምንቱ አልገፋ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርጌ «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ብልክስ?» አልኳት። የመስኮቱን ጉም በእጇ ጠረገች። «አባዬ ሽማግሌ ያከብራል» አለች። «ቀጠሮ የማያከብር ሰው ግን አይወድም። መኪናህ የምትደርስ ከሆነ ላክ።»

ይኸው ነው ነገሩ። ልጅቷን ማግኘቴ መኪናዋ በመድረሷ ላይ ሆነ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አንዱ አጎቴ፣ አንዱ የነፍስ አባታችን፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤታችን ሐጂ። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንደበታቸው ግን የተጣሉ ተራሮችን ያስታርቃል። አገሩ ሁሉ እንደሚያውቀው ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ነው የሚቀመጠው። በልጅቷ ደጅ አያልፍም፣ በዚያ ሰፈር አይታይም። አጎቴም «በሚኒባስ እንሄዳለን» አለ።

«የኔ ሽማግሌዎች በሚኒባስ? በር ላይ ተንጠልጥለው?» አልኩ። «እኔ ነኝ የምወስዳችሁ። ራቅ ብዬ አወርዳችሁና እመለሳለሁ።»

«ሌላ ሹፌር ይንዳት እሺ።»

«ከኔ ሌላ ሰው አትሰማም።»

«አንተንስ ትሰማለች?» አለ አጎቴ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ሜዳው ላይ ቆመች። ሐጂ በጉልበታቸው፣ አባ በመስቀላቸው፣ አጎቴ በንዴቱ፣ እኔ በስልኬ። ሙዚቃው አለቀ፣ እንደገና ጀመረ። «ቅሬታዎ ተመዝግቧል» አሉኝ። የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ነበር፣ የገበያ ቀን ነው። መኪናዋ በራሷ ሰዓት ስትነሳ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ አይገባም። ተመለስን።  አባ ሲወርዱ ኮፈኗን በመስቀላቸው ባረኩና «እሷም እኮ ፍጥረት ናት፣ ትደክማለች» አሉ።

አባ ናቸው ደውለው ይቅርታ የጠየቁት። የልጅቷ አባት «ሽማግሌ መንገድ ላይ ቀረ ሲባል ዘንድሮ ሰማሁ» አሉ አሉ። «ይሁን፣ አንድ ቀን ልስጣችሁ። ከናንተ በኋላ ግን ከጫጫ የሚመጡ ሰዎች አሉ።» ከጫጫ የተባለው የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። አይሱዙ አለው። ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ግን ቆሞ አያውቅም።

አጎቴ አሁንም «በሚኒባስ» አለ። እኔ ደግሞ አሁን ትቼ በሚኒባስ ብልካቸው ተሸነፍኩ ማለት ነው። ያቺ ማደያ ጋ ያለችው ሰልፍ ሁሉ ይስቅብኛል። ደግሞም ልጅቷ «መኪናህ የምትደርስ ከሆነ» ነው ያለችው፣ ሚኒባስ አላለችም። በጨለማ ተነስቼ ብርድ ልብስ አለበስኳት፣ መቀመጫ አሞቅኩ፣ ለመንኳት። እናም በዚያን ቀን እንደ ውሃ ፈሰሰች። ሜዳውን አለፈች፣ ቀዝቃዛውን ድልድይ አለፈች፣ የአንኮበር አፋፍ ላይ ደርሳ ቁልቁል ስትታጠፍ አባ «እሰይ» አሉ።

አጎቴ ባሕር ዛፉ ጋ «እዚህ አውርደን፣ አንተም ተመለስ» አለ። ቤቱ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እኔ የሐጂን ጉልበት አየሁ።

«ትንሽ ላስጠጋችሁ። ድምፅ የላት፣ ማን ይሰማል?»

ይሄንን ስህተት ከኔ ሌላ የሚሠራው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌ የላከ ልጅ፣ ድምፅ የላትም ብሎ አጥሩ ሥር የሚጠጋ። አስጠጋኋት። የግቢው በር ፊት ለፊት ደርሳ ቀይዋን አበራች። ቆመች። እግሯን ቆለፈች፤ ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ቢገፏት አትገፋም።

«ውረድና ሩጥ» አለ አጎቴ።

የት ልሩጥ? ባዶ ሜዳ ነው፣ ከታች ደግሞ ሰዉ ገብስ እያጨደ ነው። ከኋላ መቀመጫ ሥር ተጋደምኩና አባ ጋቢያቸውን ጣሉብኝ። ሦስቱ ወርደው በሩ ጋ ቆሙ። «ቤቶች፣ ደህና አደራችሁ» ሲሉ ሰማሁ። ውሻ ጮኸ። የልጅቷ አባት ወጡ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ልጅ፣ ከብት፣ ውርጩ፣ አዝመራው። ሐጂ አንደበታቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ እዚያ ጋቢ ውስጥ ሆኜ ልቤ ሲመታ መኪናዋ የምትነሳ መስሎኝ ነበር።

በዚያች ሰዓት ድርጅቱ ደወለ።

ስንት ጊዜ «ይደውልልዎታል» ሲሉኝ ደውለው የማያውቁ ሰዎች፣ በዚያች ሰዓት ደወሉ። ስልኬ ከመኪናዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥሪው በስፒከሩ አገሩን ሞላው። ላጠፋው ኪሴን ስዳብስ አነሳሁት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ደንበኛችን! ከዚህ በፊት ስላቀረቡት ቅሬታ ነበር። መኪናዎ አሁን በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች?»

ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መኪናዋ ዞረ። ውሻውም።

«ሃሎ? ይሰማሉ?»

ኮቴ ሰማሁ። መስኮቱ ጋ አንድ ሰው ጎንበስ አለ። «ይሰማል» አሉ የልጅቷ አባት ለስፒከሩ። «ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል እንጂ ይሰማል።»

ቀና አልኩ። ምን ላድርግ። ፊታቸው ከኔ ፊት በክንድ ርቀት ነው፤ ሽበታቸው ላይ ውርጩ አልቀለጠም። ሐጂ እንደምንም ሊያድኑኝ «ይሄ ሹፌሩ ነው» አሉ።

«ሹፌሩ ለምን ተደበቀ?»

«ብርድ ነው» አሉ ሐጂ።

የልጅቷ አባት እኔን አዩ። ከዚያ መኪናዋን አዩ፣ በሩን አዩ። በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል፤ በጎቹ በጎን ተጣብቀው ነው የሚያልፉት። «ጠላ ቅመሱ» ብለው ሽማግሌዎቹን አስገቡ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ሲወጡ አጎቴ ፊቱ የጠቆረ አልነበረም፣ የበራም አልነበረም።

«ምን አሉ?»

«ደጄ ተዘግቶ ነገር አልጨርስም አሉ። መኪናው ይነሳልኝና ከዚያ መልሴን እነግራችኋለሁ አሉ።»

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ ሽማግሌ ነን ስንል አራተኛዋን አመጣህ። እሷ እኮ አልሄድም አለች።»

በሚኒባስ ተመለስን። በር ላይ ተንጠልጥዬ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ አንኮበር፣ ማታ ደብረ ብርሃን። ሙሽራ በአማቱ ደጅ አይታይም ይባላል፤ እኔ ግን መኪናዬን ልጠይቅ ነው የምሄደው፣ ማን ይከለክለኛል? ለዚህ ጉዳይ ሕግ የለም። ቀድሞ ያጋጠመው ሰው የለማ። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ ስክሪኑም ጠፍቷል። ብርሃን የለ፣ ቁልፍ የለ፣ ሞታለች። ለድርጅቱ ደወልኩ። «ጎታች ይዘው ይምጡ» አሉ። ጎታች ያለው ሰው ያንን ቁልቁለት ሲያይ ስልኩን አጠፋብኝ።

የልጅቷ አባት መጀመሪያ ሰላም ብለውኝ ያልፉ ነበር። ቀጥሎ ሰላም ብለው መቆም ጀመሩ። አንድ ጠዋት ስመጣ መኪናዋ ላይ ሸራ ተደርጎባታል፣ በአራት ማዕዘን ድንጋይ ተጭኖበታል።

«ማታ በረዶ ጣለ» አሉኝ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ። «በግ ብትሆን ቤት አስገባት ነበር።»

ዶሮዎቹ ደግሞ ሥሯ ገብተው ማደር ጀመሩ። ነፋስ አይገባም፣ ጭልፊት አያይ። ዓርብ ልጅቷ ከደብረ ብርሃን በሌላ ሰው ሚኒባስ መጣች፣ ይሄን ያህል ተዋርጃለሁ። ማታ ደወለችልኝ። «መኪናህ ሥር ዶሮ እንቁላል ጥሏል» አለችኝ። «እናቴ የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ የኛ ወይስ የሱ።»

«አባትሽስ?»

«አባዬ ምንም አይልም። ግን ሲያልፍ ጎማዋን በዱላው መታ ያደርጋል፣ እንደ በሬ።»

እሑድ ከጫጫ መጡ። እኔ ሸራውን ከፊቷ ገለጥ አድርጌ፣ ክዳኗን ከፍቼ፣ ሳልነካ፣ እያየሁ ነው። ነጭ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ፣ ጨዋ የሆኑ ሰዎች። አይሱዙውን ባሕር ዛፉ ጋ አቁመው በእግራቸው ነው የመጡት፣ በሥርዓት። የልጅቷ አባት አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። የጫጫዎቹ ታላቅ መኪናዋን አዩ፣ ሸራውን አዩ፣ ከሥሯ የወጣችውን ዶሮ አዩ።

«ይሄ የማን ነው?»

ጭንቅላቴን ክዳኑ ውስጥ ከተትኩ።

«ቀድሞ መጥቶ ደጅ የሚጠና ነው» አሉ የልጅቷ አባት። «መልስ ገና አልሰጠሁትም።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ በላዩ ሌላ አይገባም፤ ይሄ የታወቀ ነው። በመኪናም ቢሆን እንግዲህ። «እንግዲያ የሱን ይጨርሱ» አሉ፣ ጠላ ቀምሰው፣ መርቀው ሄዱ። የአይሱዙው ጭስ ዳገቱን እስኪወጣ ቀና አላልኩም።

ቀና ስል የልጅቷ አባት እያዩኝ ነው። «ላንተ ብዬ አይደለም» አሉኝ። «ለሷ ነው። ውርጭ ላይ የቆመን አላባርርም።» ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በል እንግዲህ፣ ለነዚያ ሰዎች ደውልልኝ። እኔ ላናግራቸው።»

ደወልኩ። ሙዚቃው ጀመረ። እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው በትዕግሥት ሰሙት፤ ሰው እስኪመጣ ዘፈን ማዘዙ ጨዋነት ነው አሉ። አንዷ አነሳች።

«ልጄ፣ ደህና ዋልሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? ከብት ደህና ነው?»

«ደህና ነን፣ አባቴ። ምን ልርዳዎት?»

«ቆይ፣ ሰላምታ ይቅደም። የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?»

«ይቅርታ አባቴ፣ የግል ጥያቄ አንመልስም። ንግግሩ ለጥራት ሲባል እየተቀዳ ነው።»

«ይቀዳ። የሚሰማውም ይስማ። አገርሽን ነው የጠየቅኩሽ፣ አገር መጠየቅ ነውር ሆነ እንዴ?»

 ከዚያ ቀስ ብላ «ጣርማ በር» አለች።

«እንዲህ በይ። በግ ታውቂያለሽ ማለት ነው። በግ ሜዳ ላይ ቆሞ አልሄድ ቢል አባትሽ ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ ይዛችሁት ኑ ይላል?»

የድርጅቱ ልጅ ሳቋ አመለጣት። «አይልም።»

«ይሄውልሽ፣ እዚህ ደጄ ላይ አንድ ልጅና አንዲት መኪና አሉ። ሁለቱም አይሄዱም። ልጁ ልጄን ፈልጎ ነው። መኪናዋ ምን ፈልጋ እንደሆነ ንገሪኝ። ወይስ ሽማግሌ እንላክብሽ? ሦስት አሉ፣ ሥራ ፈተዋል።»

«አባቴ፣ ቅሬታዎን እመዘግባለሁ» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

የልጅቷ አባት ስልኩን እንደ ቀዘቀዘ ዳቦ አገላብጠው አዩት። «ጥሩ ልጅ ናት» አሉ። «ክፉዎቹ አሠሪዎቿ ናቸው እንጂ።»

ብዙም አልቆየ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እሷ ናት፣ ከራሷ ስልክ፣ ከኋላዋ የመንገድ ጫጫታ ይሰማል። «ስማ ወንድሜ» አለችኝ፣ አሁን ውድ ደንበኛችን የለ፣ «ትልቁን ባትሪ ተወው፣ እሱ ደህና ነው። ከፊት ክዳኑ ሥር ትንሽ ባትሪ አለ፣ እንደ ማንኛውም መኪና። ብርድ ሲመታው ይደክማል፣ እሱ ሲደክም ሁሉም ይዘጋል። ከደብረ ብርሃን የሚደውል ሁሉ በሽታው ይሄ ነው። ይቀየር ማለት እኛ አልተፈቀደልንም። እኔ አልነገርኩህም።»

«እህቴ፣ ማን ነሽ?»

«ለአባባ ንገራቸው፣ አባቴ በጉን ተሸክሞት ነው የሚሄደው በላቸው» ብላ ዘጋችው።

ትንሿ ባትሪ። እኔ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቼ በሽታ የምናገር ሰው፣ በየቀኑ በላይዋ ጎንበስ ብዬ ዶሮ ሳይ ነበር። በርግጥ ውስጤ ጠርጥሮ ነበር፤ ዋስትናውን አክብሬ ነው ዝም ያልኩት። የአንኮበሩን ሚኒባስ ሹፌር አስቁሜ የሱን ባትሪ ከኔ ባትሪ ጋር በኬብል አገናኘን። የልጅቷ አባት ዶሮዎቹን እሽ እያሉ ከሥሯ አወጡ። ሸራውን እኔ ገፈፍኩ። ቁልፏን ነካሁ። ስክሪኑ በራ። ቀይ የለም። የቻይናው ጽሑፍም የለም።

ወደኋላ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰች፣ ያለ ድምፅ። በሩ ተከፈተ። በጎቹ ወዲያው ወጡ፣ ደጃቸው ስለሰፋ ሳይሆን አይቀርም እየዘለሉ።

አሁን የቀረው የኔ መልስ ነው። ወርጄ ቆምኩ። ኬብሉን እየጠቀለልኩ ጠበቅኩ። የልጅቷ አባት መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ አዩ። አራት ማዕዘን ደረቅ መሬት፣ ላባ፣ አንድ እንቁላል። እንቁላሉን አንስተው ሰጡኝ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ አምጣልኝ» አሉ። «በሚኒባስ።»

አዲስ ባትሪ ደብረ ብርሃን ገዝቼ ገጠምኩላት፣ በገዛ እጄ። ዋስትናው ቀረ ይበሉኝ፤ በነበረበትም ጊዜ አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ የቆመችው ሳቆማት ብቻ ነው፤ ደህና፣ አንድ ሁለቴ በራሷም ቆማለች፣ ግን ሰው ሳያይ።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም በሚኒባስ ሄዱ፣ ማለዳ። እኔ ቤቴ ልቀመጥ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ባዶዋን ይዣት ወጣሁና አፋፉ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ቤቱ በማይታይበት ቦታ አቆምኳት። ከታች ቆላው በጉም ተሸፍኗል። መቀመጫዋን አሞቅኩ። ወፍ ይሰማል። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ስክሪኑን እያየሁ ተቀመጥኩ፤ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ከተዋወቅን ጀምሮ ሁለታችንም ዝም ያልነው ያን ቀን ነው።

ስልኬ ጠራ። አጎቴ ነው። ድምፁ መኪናዋን ሞላው።

«የት ነህ?»

«ቤት» አልኩ።

«ውሸታም። ወፍ ይሰማኛል» አለ። ከኋላው ሰው ሲስቅ፣ ሐጂ ሲመርቁ፣ ሴቶች እልል ሲሉ ይሰማል።  «በል ውረድ፣ ና ብለውሃል። መኪናዋንም ይዘሃት ና ብለዋል አባትየው።»

«እሷን ደግሞ ለምን?»

አጎቴ ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ ጠየቀልኝ፣ ተመለሰ።

«ዶሮዎቹ ማደሪያ አጥተዋል።»